እርማት፦ ኦጋዴንና ሀውድ በ1933 አልተመለሱም

የቡልጋውን ልጅ ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድን ማንሳትህ ደስ ይላል፣ ወንድሜ። ግን «ጣሊያን በ1933 ሲባረር ኦጋዴንና ሀውድም አብረው ተመለሱ» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው የሚደግመው ስሕተት ነው፤ አክሊሉ መሬቱን ለማስመለስ የደከሙትንም ይሸፍናል።

ጣሊያን ቢወጣም እንግሊዝ ቆየ። የጥር 23 ቀን 1934ቱ ስምምነት ኦጋዴንንና «የተጠበቀ ክልል» የተባለውን፣ ከብሪታኒያ ሶማሌላንድ ጋር የሚዋሰነውን የግጦሽ መሬት ሀውድንም ጨምሮ፣ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ተወው። በታኅሣሥ 10 ቀን 1937 አዲስ ውል ተፈረመ፤ እንግሊዝ የኢትዮጵያን ሉዓላዊነት አመነ፣ መሬቱን ግን አልለቀቀም። የኦጋዴን አብዛኛው ክፍል የተመለሰው ከሐምሌ 17 ቀን 1940ው ስምምነት በኋላ ነው። ሀውድ ደግሞ ሌላ ሰባት ዓመት ጠበቀ። ውሉ ኅዳር 20 ቀን 1947 ሎንዶን ላይ ተፈረመ፣ እንግሊዝም የካቲት 21 ቀን 1947 ለቀቀ። ያኔ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ነበሩ። ርክክቡም በነፃ አልነበረም፤ የብሪታኒያ ሶማሌላንድ ከብት አርቢዎች ድንበር ተሻግረው የማሰማራት መብታቸው ተጠብቆላቸዋል።

በኢትዮጵያና በብሪታኒያ ሶማሌላንድ መካከል ያለውን የድንበር መስመር ራሱን አክሊሉ አላሰመሩትም። የተሰመረው በ1889 ነው፤ ዝርዝሩን ሐረር ላይ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ጋር የጨረሱት ራስ መኮንን ናቸው። አክሊሉ የተሟገቱት በዚያ መስመር ውስጥ ያለው መሬት እንዲመለስ ነው።

ቀኖቹን ስትጠቅስ ዓ.ም. መሆኑን ጻፍ። «1940» በፈረንጅ አቆጣጠር ከተነበበ ጣሊያን ገና አዲስ አበባ ነው።