«ሕዝቡ ይደናገጣል» እየተባለ ፍሎራይድ አይደበቅም

ሰሞኑን በተካፈልኩበት አንድ የውሃ ጉዳይ ስብሰባ ላይ፣ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘውን ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር በቀለም ለውጥ የሚለይ ቀላል መመርመሪያ በስምጥ ሸለቆ ላሉ የመንደር ውሃ ኮሚቴዎች ይታደል የሚል ሐሳብ ቀረበ። መድረኩን የመሩት ኃላፊ ሐሳቡን ወዲያው ጣሉት። ምክንያታቸው ሁለት ነበር፦ መመርመሪያው እንደ ቤተ ሙከራ በትክክል አይለካም፤ ሕዝቡም ውጤቱን አይቶ ይደናገጣል።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ያበገነኝ እሱ ነውና። ማን ነው የሚደናገጠው? የወንጂ፣ የአለም ጤና ከተማና የመቂ ሰው ውሃው ምን እንደሚያደርግ ከባለሥልጣን በፊት ያውቃል። የልጁ የወተት ጥርስ ወልቆ ዋናው ሲበቅል በልዞ ሲወጣ አይቷል። ልጃገረዶች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ሲከልሉ አይቷል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በዚያ ሸለቆ ፍሎራይድ አጥንትንና አከርካሪን ምን እንደሚያደርግ ከጻፉ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በሽታውን በገላው ተሸክሞ የሚኖርን ሕዝብ «ከቁጥሩ ልጠብቅህ» ማለት ንቀት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ወደ «በትክክል አይለካም»። መመርመሪያው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ዚርኮኒየም የተባለ ብረት አሊዛሪን ከሚባል ማቅለሚያ ጋር ተጣምሮ ቀይ ቀለም ይሰጣል። ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ ካለ ዚርኮኒየሙን ከቀለሙ ነጥቆ ይወስደዋል፤ ቀዩም ወደ ቢጫ ይሄዳል። የተገኘውን ቀለም አጠገቡ ካለው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። መመርመሪያው 1.4ን ከ1.6 ላይለይ ይችላል። ግን በስምጥ ሸለቆ ከ5፣ አንዳንዱም ከ10 ሚሊግራም የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። 1ን ከ8 ለመለየት የነጥብ ቤት አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

ደግሞስ ያ ትክክለኛ የተባለው የቤተ ሙከራ ቁጥር መቼ ነው የተለካው? ጉድጓዱ ሲቆፈር ናሙናው በጠርሙስ ወደ ከተማ ይሄዳል፣ ኤሌክትሮድ በሚባል የቤተ ሙከራ መሣሪያ ይለካል፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ማን ይመለስበታል? ይህ ለጉድጓድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ትልቁ ጉዳይ ፍሎራይዱን የሚያስቀረው ማጣሪያ ነው። ውስጡ ያለው የአጥንት ከሰልም ሆነ አልሙና የተባለው የአልሙኒየም ውህድ ፍሎራይድ ይዞ ይዞ አንድ ቀን ይሞላል። ከሞላ በኋላ ውሃው እንደ በፊቱ ኩልል ብሎ ይወርዳል፤ ፍሎራይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። እናት የተጣራ ውሃ አጠጣሁ ብላ ለወራት ልጇን የምታጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። ብታፈላውም አይለቅም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይበዛል። ማጣሪያው መሞላቱን የምናውቀው በመለካት ብቻ ነው፤ እሱም በቦታው፣ በየወሩ። ከተማ ያለ ኤሌክትሮድ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ቀለሙ ግን ይችላል። የዓመታት ዕድሜ ካለው ጥንቁቅ ቁጥር የዛሬው ሻካራ ቁጥር ይበልጥብኛል።

አልሙኒየም ውጤቱን ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልም የተባለ የአልሙኒየም ጨው በሚጨመርበት በናልጎንዳ የማጣሪያ ዘዴ የተጣራ ውሃ ወደ ቤተ ሙከራ ይሂድ። ለቀረው ግን ሰበብ አይሆንም። የተሻለ መመርመሪያ እስኪመጣ እንጠብቅ የሚሉም አሉ። በኬሚስትሪ መጽሔቶች የሚወጡ ብዙ አዳዲስ ሞለኪውሎች አሴቶናይትራይል በተባለ የኬሚካል ማሟሚያ ፈሳሽ ውስጥ ፍሎራይድ ሲያገኙ ደማቅ ቀለም ያሳያሉ፤ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ግን ዝም ይላሉ፤ ፍሎራይድን ውሃ ራሱ አጥብቆ ስለሚይዘው። የመቂ ሰው አሴቶናይትራይል አይጠጣም።

የቋሚ ጥርስ ልባስ የሚሠራው እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተበላሸው አይመለስም። ስለዚህ መመርመሪያው አሁን ለኮሚቴዎቹ ይሰጥ፣ አሲድ ስላለበት ሁለት ሁለት ሰው ይሠልጥን፣ ውጤቱም በቦኖው ላይ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይጻፍ። ገደቡን ያለፈ ቦኖ ካለ ቤተሰቡ ቢያንስ ለትንንሾቹ የጣሪያ ዝናብ ውሃ ያጠራቅማል። ያንን የመወሰን መብት የወላጅ ነው፤ ኃላፊውም ያሳለፉትን ውሳኔ ይሻሩ።