ጋሼ አታስብ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሰው ምድር ቤታችን ገብቶ ቧንቧ በመዶሻ ይቀጠቅጣል። ሰውየውም የለም፣ መዶሻውም የለም፤ ቅጥቀጣው ግን አለ። በመጀመሪያው ሌሊት ባለቤቴ "ሌባ ነው" አለች። በሁለተኛው "ምነው ሌባ በሆነ፣ የሚወስደውን ወስዶ ይሄድ ነበር" አለች። በሦስተኛው ምንም አላለች፤ ጣሪያውን እያየች ነጋላት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው አብሮ የኖረ ሰው የዚያን ዝምታ ትርጉም ያውቀዋል። ሲነጋ ቦይለሩን ለቀየረልን ኮንትራክተር ደወልኩ።

"ጋሼ አታስብ" አለኝ። "አዲስ ስለሆነ ነው። ይለምዳል።"

ቦይለር ነው እንጂ ጡት የጣለ ጥጃ አይደለም፤ ምኑን ነው የሚለምደው? ግን የከነከነኝ መልመዱ አይደለም፤ "አታስብ" የምትለዋ ናት። ቋንቋችን መጨነቅንም ማሰብንም በአንድ ግስ ጠቅልሎ ይዞታል። ሰውየው "አትጨነቅ" ያለኝ ይመስላል፤ ሥራውን ሳየው ግን የተናገረው ቃል በቃል ነው፤ ጭንቅላትህን ወደዚህ ይዘህ አትምጣ ማለቱ ነው። ደግሞ "ጋሼ" ይለኛል! "ጋሼ" ብሎ ከፍ ያደርገኝና በዚያው ትንፋሽ "አታስብ" ብሎ ያወርደኛል። "አያስቡ" ማለት ምላስ ይሰብራል?

ነገሩ ለማያውቅ፣ ቦይለር ስል መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ውሃ የሚያሞቀውን በርሜል ማለቴ አይደለም። ቤታችን አሮጌ ነው፤ የሚሞቀውም በእንፋሎት ነው። ምድር ቤት ውሃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ በየክፍሉ ያሉትን የብረት ራዲያተሮች ያሞቅና ራሱ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ተመልሶ ደግሞ ይፈላል። ፓምፕ የለው፣ ምን የለው። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ወደ 1,700 እጥፍ ስለሚሰፋ ገፊ አያስፈልገውም። ታዲያ ቧንቧው ቁልቁለቱን ስቶ ውሃ አንድ ቦታ ካቆረ፣ እንፋሎቱ ያንን ውሃ ከፊቱ እየነዳ መታጠፊያው ላይ ያላትመዋል። የሌሊቱ መዶሻ እሱ ነው። ይኼን ሁሉ ያወቅሁት እንዳላስብ ከተነገረኝ በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ ያደረገውን አስታውሳለሁ። ምድር ቤት ወረደ፤ አሮጌው ቦይለር ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ "ልኩን አግኝቼዋለሁ" ብሎ ሄደ። ሰባት ደቂቃ አልሞላም። ፎቅ አልወጣም። የእንፋሎት ቦይለር ልክ ደግሞ የሚገኘው ፎቅ ነው፤ ራዲያተሮቹ አንድ በአንድ ተለክተው፣ ተደምረው፣ ያንን ለመሙላት የሚበቃ ቦይለር ይመረጣል። አሮጌው ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚናገረው ከብዙ ዓመት በፊት የመጣ ሌላ ሰው ምን እንደገመተ ብቻ ነው።

ይኼ ነገር አንድ ልብስ ሰፊ አስታወሰኝ። ነገርን ነገር ያነሳዋልና ልናገረው።

ለሠርጌ ሙሉ ልብስ ያሰፋሁት አንድ ሰው ጋ ነበር። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደ ሜዳሊያ ተንጠልጥሏል። "አይለኩኝም?" ብዬ ብጠይቀው "አሮጌ ሱሪህን አምጣልኝ፤ አታስብ" አለኝ። አመጣሁለት። ሱሪዬን ለካ። ያ ሱሪ የተሰፋው ተማሪ ሆኜ አጥንቴ በሚቆጠርበት ዘመን ነው። በሠርጌ ፎቶዎች ላይ ሁሉ ሙሽራዋ ተቀምጣለች፣ ሚዜዎቼ ተቀምጠዋል፣ አማቶቼ ተቀምጠዋል፤ እኔ ቆሜያለሁ። እንግዳው "እንዴት ያለ ትሑት ሙሽራ ነው!" ሲል ሰምቻለሁ። ትሕትና አልነበረም፤ ስፌት ነበር። በሳምንቱ ልከራከረው ብሄድ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ወፍረሃል እኮ!" አለኝ። መወፈሬ የእኔ ጥፋት ሆኖ ወጣሁ። ባለቤቴ "አሁንስ ይቅር በለው" ትለኛለች። ሰውየውን ይቅር ብዬዋለሁ። ያን አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ሜትር ግን ይቅር አልልም።

ሰፊው እኔ መወፈሬን አላየም፤ ኮንትራክተሩ ቤቴ መክሳቱን አላየም። ከእኛ በፊት የኖሩት ሰዎች ሁለት ራዲያተር ነቅለው ጥለዋል። አዲሱ ቦይለር ግን ለሌሉት ራዲያተሮች ጭምር እንፋሎት ያመርታል፤ ያሉት አልጨርስ ሲሉት ግፊቱ ይወጣና ቦይለሩ ይጠፋል፤ ቆይቶ ይነሳል፤ ደግሞ ይጠፋል። ነዳጁን ይበላል፣ ሙቀቱን ይነፍጋል። እንደዚህ ዓይነት ዘመድም አለኝ፤ እሱን ሌላ ቀን።

የምወደው ተረት አለ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ባለቤቴ ይቺን ተረት ስጀምር ከክፍሉ መውጣት ከጀመረች ቆየች፤ እናንተ ግን አትወጡም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1865 አሜሪካ ውስጥ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ሱልጣና የምትባል የእንፋሎት መርከብ ነበረች። ከጦርነት እስር የተፈቱ ወታደሮችን ልትጭን ስትሄድ አንዱ ቦይለሯ ማፍሰስ ጀመረ። ጠጋኙ "ይኼ በደንብ መሠራት አለበት" አለ። ካፒቴኑ ግን የሚከፈለው በሰው ቁጥር ነው፤ ከዘገየ ተሳፋሪዎቹን ሌላ መርከብ ይወስዳቸዋል። ለጊዜው ተብሎ ብረት ተለጠፈበት። 376 ሰው እንድትይዝ የተፈቀደላት መርከብ ከ2,000 በላይ ይዛ ተጓዘች፤ ኤፕሪል 27 ሌሊት ቦይለሮቿ ፈነዱ፤ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። እዚህ ላይ አልቀልድም። ያ ካፒቴን አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ጠጋኙን ምን ይለው እንደነበር ግን እኔም እናንተም እናውቃለን።

በዓመቱ፣ በ1866፣ እዚያው አሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ ቦይለር እየመረመረ ኢንሹራንስ የሚሰጥ ኩባንያ ተቋቋመ። ሰዎቹ ሥራቸው ማሰብ ነው፤ የፈነዳውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸዋ። እነሱ በ1919 ያስተዋወቋት አንዲት የቧንቧ አስተጣጠፍ አለች፦ ተመላሹ ውሃ ወደ ቦይለሩ ከመግባቱ በፊት ከፍ ብሎ ይታጠፋል፤ እንዲያ ከሆነ ከታች ያለው ቧንቧ ቢበሳ እንኳ የቦይለሩ ውሃ ጠብ ብሎ አያልቅም። ቦይለር ደርቆ ሲነድ ነው ጉዱ። የእኔው ቦይለር ላይ ይቺ እጥፋት የለችም፤ ተመላሹ ቀጥ ብሎ ከታች ገብቷል። ብጠይቀው "ጋሼ፣ እሱ እኮ የድሮ አሠራር ነው" አለኝ። ውሃ ወደ ታች መፍሰሱስ የድሮ አሠራር አይደለም?

የፋብሪካውን መመሪያ ከነፕላስቲኩ ከቦይለሩ ጀርባ ወድቆ አገኘሁት። ሰው አልነካውም። መነጽሬን አድርጌ ሥዕሉን አየሁ፤ እንፋሎቱ የሚሰበሰብበት ቧንቧ ከውሃው ከፍታ ቢያንስ 24 ኢንች፣ ማለትም 61 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጥ ይላል። እንፋሎቱ ይዞት የወጣውን ውሃ የሚያራግፈው እዚያ ላይ ነው። ሜትር አመጣሁ (ከሠርጌ ወዲህ ቤቴ ሜትር ጠፍቶ አያውቅም)፤ 28 ሴንቲ ሜትር። ቧንቧውም መመሪያው ካዘዘው የቀጠነ መዳብ ነው። ቧንቧ ጥርስ ሲወጣለት የሚቀባው ዘይትም ከቦይለሩ ውስጥ አልተጠረገም፤ በመስታወቱ የሚታየው ውሃ ልጅ እንደሚያናውጠው ጠርሙስ ይዘላል።

ደግሞ ሲመጣ ይኼን ሁሉ አሳየሁት። ስሰማው ነበር ማለት አልችልም፤ እሱም እኔን አልሰማኝም። የግፊቱን መቆጣጠሪያ ከፍ አድርጎ "አሁን ይሞቃል" አለ። እንዲህ ያለው ቤት 2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) እንኳ ይበዛበታል። ራዲያተር የሚሞቀው ውስጡ ያለው አየር ሲወጣለት ነው፤ አየሩ መውጫ ካጣ ግፊት መጨመር በር ዘግቶ እንግዳን ከኋላ መግፋት ነው። "ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ እኮ" አለኝ። ሰፊውም ሃያ ዓመት ሰፍቶ ነበር።

እዚህ ላይ በእውነት ተናደድኩ። የማላውቀውን ስጠይቅ የማላውቅ በመሆኔ ይስቅብኛል፤ አንብቤ ስመጣ አንብቤ በመምጣቴ ይከፋዋል። ሰውየው የሚፈልገው እንደ ራዲያተሩ ዝም ብሎ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ባለቤት ነው። ራዲያተሩም ቢሆን አየር ሲወጣለት ያፏጫል።

ባለፈው ቅዳሜ ሌላ ሰው አስመጣሁ። ጠና ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ደረጃው በየት በኩል ነው?" ብሎ ነው። ፎቅ ወጣ። ራዲያተሮቹን ቆጠረ፣ ለካ፣ ጻፈ፤ ባለቤቴ ጳጳስ ቤቷ የመጣ ይመስል በየክፍሉ በር እየከፈተች ታሳልፈዋለች። ምድር ቤት ወርዶ ቧንቧዎቹን ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ወጪውን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝና "እንግዲህ ያስቡበት" አለኝ።

ያስቡበት! አንቱ ብሎ፣ አስብ ብሎ! ወረቀቱን ገልጬ ቁጥሩን እስካይ ድረስ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

ካየሁት በኋላ ለመጀመሪያው ሰውዬ መልሼ ደወልኩ። ወይ ያስተካክል፣ ወይ ገንዘቤን ይመልስ። ቆጣ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ባለቤቴ እየሰማች ስለነበር ትንሽ ጨምሬበታለሁ። "ሐሙስ እመጣለሁ ጋሼ" አለኝ። ቀጥሎ የሚላትን ሳልሰማ ስልኩን ዘጋሁት። ግን የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አልጠየቅሁትም ለካ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ባለቤቴ ከወዲሁ ትራሷን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋለች።