‹‹ከኮሌስትሮል ነፃ›› የሚለውን ለማን ነው የጻፋችሁት?

ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሰዎች በተቀመጡበት ውይይት አንድ የታሸጉ ምግቦች አከፋፋይ የተናገሩት ብዙዎቻችሁ ጆሮ ደርሷል። የምግብ ይዘት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ሲነሳ ‹‹የጅማ ሰው የሚያየው ዋጋ ነው፤ የጀርባውን ጽሑፍ ማን ያነባል?›› አሉ። ከመድረኩ አንድ ሰው እንኳ አልመለሰላቸውም። ‹‹ልክ ነው›› ብለው ራሳቸውን የነቀነቁም ነበሩ። እኔን ያናደደኝ ከንግግሩ ይልቅ ይሄ ነው።

ማን ያነባል? ሰው ያነባል! ሄርማታ ገበያ አካባቢ ካሉት ሱቆች አንዱ ጋ ትንሽ ቆማችሁ እዩ። እናቶች የታሸገ ወተት ሲገዙ ገልበጥ አድርገው ቀኑን ያያሉ። ካለፈበት አይገዙም፣ ቤት ገብተው ካዩትም ይዘው ተመልሰው ከባለሱቁ ጋር ይጨቃጨቃሉ። ቀኑን የሚያነቡት ስለሚታያቸውና ትርጉሙን ስለሚያውቁት ነው። የቀረውን የማያነቡት ደግሞ በማያውቁት ቋንቋ፣ ያውም ዓይን በሚያጠፋ ፊደል ስለተጻፈ ነው። ጥፋቱ የጻፈው እንጂ የገዢው አይደለም።

ደግሞ ይህ የተባለው ጅማ ላይ ነው። ቡናችን ጉድለቱ ፍሬ በፍሬ ሳይቆጠር፣ እርጥበቱ ሳይለካ፣ ሳይቀመስና ደረጃ ሳይወጣለት ከአገር አይወጣም። የውጭ ገዢ ‹‹ጅማ 5›› ሲባል ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ለእሱ ይሄን ሁሉ የምንናገር ሰዎች ለራሳችን ልጅ ብስኩቱ ውስጥ ምን እንዳለ መንገር እንዴት ትርፍ ወጪ ይሆንብናል?

የዘይቱን ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አንሱ። ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ፣ አንዳንዴም የልብ ሥዕል ታክሎበት፣ ‹‹ከኮሌስትሮል ነፃ›› ይላል። ውሸት አይደለም። ግን ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ውስጥ ነው፤ በሥጋ፣ በቅቤ፣ በእንቁላል። የኑግ ዘይት ይሁን የሱፍ ወይም የፓልም፣ ከዕፅዋት የተጨመቀ ዘይት ለቁም ነገር የሚበቃ ኮሌስትሮል የለውም። ስለዚህ ያ ትልቅ ጽሑፍ አንዱን ዘይት ከሌላው አይለይም። የሚለየው ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈው ሳቹሬትድ የሚባለው፣ የሚረጋው ስብ ነው። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። በሱፍ ዘይት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሲበዛ ደግሞ ደማችን ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ይኸው ስብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው 22 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የፓልም ዘይት ብቻውን ወደ 20 ግራም ይሰጣል። ወጡ ውስጥ ስንት ጭልፋ እንደሚገባ ለእናንተ አልነግርም።

እንግዲህ ባሏን ሐኪም ‹‹ስብ ቀንስ›› ያለው ሴት ሱቅ ገብታ፣ የልቡን ሥዕል አይታ፣ ‹‹ከኮሌስትሮል ነፃ›› የሚለውን አንብባ ያንኑ የሚረጋውን ዘይት ይዛ ትወጣለች። አንብባለች እኮ! እንድታነበው የተፈለገውን አንብባለች። ሰው የማያነብ ቢሆን ኖሮ ያንን ጽሑፍ በዚያ መጠን ለማተም ቀለም የሚያባክን ፋብሪካ አይኖርም ነበር። ማንበባችንን አሳምረው ያውቃሉ። የሚሸጥላቸውን ከፊት አጉልተው፣ የማይሸጥላቸውን ከኋላ ደብቀው፣ ከዚያ ‹‹ሕዝቡ አያነብም›› ማለት ሕዝብን መናቅ ነው።

ብስኩቱም ያው ነው። ፊቱ ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅ፣ ‹‹ኃይል ሰጪ›› የሚል ጽሑፍ። ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ የሚለውን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል፣ ቃሉን ስለምናውቀው ነው የሚጠቀሙበት። ጀርባውን ያገላበጠ ግን የዱቄት፣ የስኳርና የዘይት ዝርዝር ያገኛል። ዝርዝሩ ደግሞ በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈው ከሁሉም የበዛው ነው። ይህችን አንድ ነገር ያወቀ ሰው ስኳር ሁለተኛ ላይ ሲያይ ለልጁ ምሳ ዕቃ ምን እየከተተ እንደሆነ ይገባዋል።

ለስላሳውን እዩ። ‹‹በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም ስኳር›› ይላል። ማን ነው 100 ሚሊ ሊትር ጠጥቶ የሚያስቀምጥ? ግማሽ ሊትሩ 55 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስኳርንም በዚያው በ10 በመቶ ነው የሚገድበው፤ 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው የቀኑ ጣሪያ 50 ግራም ነው። ጨው ደግሞ ‹‹ሶዲየም›› በሚል ስም ነው የሚጻፈው፤ ጨውን ለማወቅ ሶዲየሙን በ2.5 ማባዛት ነው፣ የሚመከረው ደግሞ በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን የሚነግረው ማነው?

‹‹አያቶቻችን ምንም ሳያነቡ ኖረዋል›› የሚልም አይጠፋም። አያቶቻችን ቅቤውን አሽትተው፣ ማሩን ቀምሰው፣ ያመጣውን ሰው ከነአገሩ አውቀው ነበር የሚገዙት። የታሸገ ነገር አይሸተት፣ አይቀመስ፣ ባለቤቱም አይታወቅ። ያለን ጽሑፉ ብቻ ነው።

ወጪ አለው ወይ? ሰፈር ውስጥ ዳቦ ለምትጋግር ሴት ይከብዳታል፣ እሷን ማንም አያስገድድ። በመኪና ለሚያራግፍ አከፋፋይና ከኋላው ላለው ፋብሪካ ግን የአንድ ተለጣፊ ወረቀት ዋጋ ምክንያት አይሆንም። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ስብ፣ የሚረጋው ስብ፣ ስኳርና ጨው በሙሉ ጠርሙሱ ወይም በሙሉ እሽጉ ተሰልተው፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ፊት ለፊት፣ ‹‹ከኮሌስትሮል ነፃ›› በሚለው ፊደል ልክ ይጻፉ። የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይህን አስቀድሞ አጀንዳ ያድርገው፣ አከፋፋዮቹም የሚሸጡትን ጀሪካን ይዘው ይምጡና የጀርባውን ጽሑፍ ተሰብሳቢው ፊት ጮክ ብለው ያንብቡልን።