የሜዲትራኒያን ቱና እና የጣና ነጭ ዓሣ

የምኖረው ጣሊያን፣ ሲሲሊ ደሴት፣ ካታንያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ገበያ ስወጣ ዓይኔ ቀድሞ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። እያንዳንዱ ዓሣ አጠገብ ትንሽ ወረቀት ተሰክቷል። የዓሣው ስም፣ ከየትኛው ባሕር እንደወጣ፣ በመረብ ይሁን በመንጠቆ እንደተያዘ ተጽፎበታል። ሕግ ነው።

ብሉፊን የሚባለው ትልቁ ቱና በየዓመቱ ከአትላንቲክ ተነስቶ በጅብራልታር በኩል ሜዲትራኒያን የሚገባው ሊራባ ነው። ሰዉም መንገዱን ያውቃል፤ ጠብቆ ይይዘዋል። የጃፓን ገበያ ሲደራ ደግሞ ያለ ልክ ተያዘ፣ ሊያልቅ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሞናኮ ዶሃ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስብሰባ «ዓለም አቀፍ ንግዱ ይታገድ» ብላ ጠየቀች። አልተቀበሏትም። ግን ሁሉም ደንግጦ ነበር። የዚያ ዓመት ኮታ፣ ማለትም እንዲያዝ የተፈቀደው መጠን፣ 13,500 ቶን ብቻ ሆነ። ከ30 ኪሎ በታች የሆነውን መያዝ፣ ከጥቂት ቦታ በቀር፣ ክልክል ነው። ትልልቆቹ ባለመረብ መርከቦች በዓመት አንድ ወር ገደማ ብቻ ይፈቀድላቸዋል፤ ያውም ተቆጣጣሪ ጭነው። በ2021 ዓሣው ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ወጣ። ኮታውም ከ40,000 ቶን በላይ ደርሷል።

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ነበርኩ። ጣና ዳር ዓሣ የሚያጸዱ እናቶች ዘንድ ቆምኩ። አንዷ የነጭ ዓሣ ሆድ በቢላዋ ስትሰነጥቀው እንቁላሉ ዝርግፍ አለ። ቀጣዩም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ያለውም። አንጀቴ ተላወሰ።

እነዚህም እንደ ቱናው መንገደኞች ናቸው። ክረምት ሲገባ በርካታ የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ ወንዝ ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። ወደ 15 ዝርያ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። ወንዙ አፍ ላይ ግን መረብ ይጠብቃቸዋል። ከፍ ሲሉ ዓሣ የሚያደነዝዘው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ውስጥ ይነሰነስባቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት በመረብ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ እንደቀነሰ አጥኚዎች መዝግበዋል። ሕግ ጠፍቶም አይደለም። የዓሣ ሀብት አዋጁ፣ ቁጥር 315፣ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ወንዙ ዳር ቆሞ የሚያስከብረው ነው የጠፋው።

መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጥኩ። «አባባ፣ እኛ ዘንድ ማጥመድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። እናንተስ ሊራባ ሲወጣ እንኳ ለምን አትተዉትም?»

«እኔ ብተወው፣ ልጄ፣ ከኋላዬ ያለው ይተወዋል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ትንሽ ቆይተው «እናንተ ዘንድ ሲዘጋ ሰዉ ምን ይበላል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጣሊያን ውስጥ ባሕሩ ለጎታች መረብ በዓመት ለተወሰኑ ሳምንታት እንደሚዘጋ፣ በዚያን ጊዜ ለመርከበኞቹ በቀን 30 ዩሮ ድጎማ እንዳለ ነገርኳቸው።

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «እንግዲያ እያበሉ ነዋ የሚዘጉት» አሉ።