መቶ ዶላር ለዘርዓ ያዕቆብ?

ቆይ፣ የፍልስፍና መጽሐፍ የሚጽፈው ማነው? ደመወዙን ዩኒቨርሲቲ የሚከፍለው መምህር። ረቂቁን የሚገመግሙትም ለወግ ያህል የሚከፈላቸው ባልደረቦቹ ናቸው። ታዲያ ደረቅ ሽፋን ያለው አዲስ እትም ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ የሚሸጠው በየትኛው ሂሳብ ነው? ርካሹ እትም ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ይመጣል ይሉናል አሳታሚዎቹ፣ እሱም ከመጣ። እኔን በተለይ የሚያበግነኝ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ የሚባለው የዘርዓ ያዕቆብ ነገር ነው። ሐተታ የተባለው የፍልስፍና ድርሰቱ በግዕዝ ተጽፎ፣ የእጅ ጽሑፉ ፓሪስ ተቀምጦ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ፈጠራ ነው ካለ ወዲህ ክርክሩ ሳይበርድ፣ አዲሱን ሙግት ለማንበብ የአዲስ አበባ ተማሪ ዶላር ከየት ያምጣ? ብር እንኳ ሞልቶት አይደለም! ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ሲለምን ደግሞ ሌባ ይባላል።