«ይበል ሕዝብ» የተባለው ለማን ነው?

የሐዋሳ ምእመናን፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ማስቀደስን እንደ ማሰፋትና እንደ ማስጠገን ቆጥረነዋል። ጨርቁን ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ፣ ሲያልቅ ተቀብሎ እንደሚሄድ ሰው፣ ቅዳሴውንም ለካህናቱ ትተን፣ ሲያበቃ ጠበል ቀምሰን እንወጣለን። «ማስቀደስ» የሚለው ቃል ግን ይህን አይልም። አስቀዳሽ ከቀዳሹ ጋር የሚጸልይ ነው እንጂ የሚያስጸልይ ደንበኛ አይደለም።

ባለፈው እሑድ በአንድ ደብር ሳስቀድስ መብራት ጠፋ፤ ድምፅ ማጉያውም ዝም አለ። ዲያቆኑ በገዛ ጉሮሮው «ተንሥኡ ለጸሎት»፣ ለጸሎት ተነሡ ሲል ነጠላ የለበሰው ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ። «እግዚኦ ተሣሃለነ»፣ አቤቱ ይቅር በለን ብለው የመለሱት ከፊት የቆሙ ጥቂት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና በመቋሚያቸው ተደግፈው የቆሙ አንዲት እናት ነበሩ። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ»፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን ሲሉም እንዲሁ ሆነ። ስንት ዓመት የእኛ ድምፅ ሲመስለኝ የኖረው የማጉያው ድምፅ ነበር። አፈርሁ፤ ዝም ካሉት አንዱ እኔም ነበርኩና።

መጽሐፈ ቅዳሴን ግለጡት። በየገጹ «ይበል ካህን»፣ «ይበል ዲያቆን»፣ «ይበል ሕዝብ» ይላል። ሦስተኛው፣ ሕዝብ ይበል ማለት ነውና፣ የእኛ ድርሻ ነው። ካህኑ የእኛን መልስ እየተቀበሉ እንጂ ብቻቸውን አይጓዙም። «አእኵትዎ ለአምላክነ» ብለው አምላካችንን እንድናመሰግን ሲጠሩን፣ «ርቱዕ ይደሉ»፣ እውነት ነው፣ ይገባል ብለን የምንመልስ እኛ ነን። «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ይሉናል፤ መልሱ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ነው፤ ልባችን በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ ነው ማለት። ይህን በእኔ ፈንታ ማን ሊመልስልኝ ይችላል? የልቤን መገኛ ሌላ ሰው እንዴት ይናገርልኛል? በዚያች ሰዓት ጣታችን ስልካችን ላይ ከሆነስ የምንሰጠው መልስ ምን ሊሆን ነው?

በየቤታችን ሽማግሌ ተነሥቶ ሲመርቅ «አሜን» የማይል ማን አለ? ዝም ብንል ያዝናል፤ ምርቃቱንም እንደ ናቅን ይቆጠርብናል። ለሽማግሌው ያልነፈግነውን አሜን በመሠዊያው ፊት ለምን ነፈግን?

«ግእዝ አላውቅም» የምትሉ አላችሁ። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክቱ (14፥16) የሚባለውን የማያውቅ ሰው እንዴት አሜን ይላል ብሎ ጠይቋል። ነገር ግን ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመው መጽሐፍ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሸጣል። የሕዝቡ መልስ ደግሞ አብዛኛው አጭርና የሚደጋገም ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን በጆሯቸው ብቻ አጥንተውት ከዳር እስከ ዳር ይመልሱታል። በዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ ዝም ይላል። ይህ የቋንቋ ችግር ነው አትበሉኝ።

ሰዓቱም አለ። ከወንጌል ንባብ በኋላ ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ይላል፤ ገና ያልተጠመቁት ይውጡ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ግን ከባጃጅ የምንወርደው በዚያው ሰዓት ነው። እነርሱ ሊወጡ በሚገባቸው ጊዜ የተጠመቅነው እንገባለን፤ «እትዉ በሰላም» ተብሎ ሳንሰናበት ደግሞ እንወጣለን።

ድምፅ አጥተን አይደለም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ታቦት ሲወጣ ከተማችን በእልልታና በጭብጨባ ትናወጣለች። ያ ጉሮሮ እሑድ ማለዳ የት ይሄዳል?

ማጉያውን የምትቆጣጠሩ ልጆችም ስሙኝ፤ ለሕዝቡ መልስ ስትደርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጉት፤ ሰው የራሱን ድምፅ ይስማ። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ማለቱ ነውና፣ ከጎናችሁ ወደ ቆመው ሰው ዘወር በሉ። የተኳረፋችሁት ጎረቤት ሊሆን ይችላል። እሑድ ማለዳ ከቅዳሴ በፊት የሚደርሰው የኪዳን ጸሎት ሳያልቅ ድረሱ፤ እኔም ከበሩ አጠገብ ቆሜ አልጠብቅም፤ ከእነዚያ እናት ጎን ቆሜ አብሬ እመልሳለሁ።