ስለ ቪቴ ስጠይቃችሁ ቮልት አትቁጠሩልኝ!

መሣሪያ የሚሸጥ ሰው መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ መደርደሪያ ሥር የሚቆመው ምን ሊያደርግ ነው? ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ከቤቴ ጀርባ ያለው ዴክ፣ ማለትም የእንጨት በረንዳ፣ ጣውላው ስለ በሰበሰ ልቀይረው ተነሣሁ። ሱቅ ሄጄ የጠየቅሁት ቀላል ነገር ነበር፤ ባለ 3 ኢንች ቪቴ ለማሰር የሚውል መሣሪያ የትኛው ነው? ሰውየው ካርቶኖቹን አየት አየት አደረገና «ይሄኛው 18 ቮልት ነው፣ ያኛው 20፤ ስለዚህ ያኛው ይበልጣል» ብሎኝ እርፍ!

ይበልጣል? ሁለቱም ባትሪ ውስጥ የተደረደሩት አምስት አምስት የሊቲየም ሴሎች ናቸው። አንዱ ሴል 3.6 ቮልት ነው፤ በአምስት ሲባዛ 18። 20 የሚሉት ገና ከቻርጀር እንደ ወጣ፣ ምንም ሥራ ሳይጫንበት የሚለካውን ነው። አምራቹ ራሱ ካርቶኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ጽፎታል። ማን ያነበዋል!

ወዳጅ ዘመድ ደግሞ አለ። «ሀመር ድሪል ግዛ፣ ጉልበታሙ እሱ ነው» ይሉኛል። ወገኖቼ፣ ሀመር ድሪል የሚደበድበው ወደ ፊት ነው፤ ለብሎኬትና ለኮንክሪት የተሠራ ነው። ጣውላ ላይ ምን ሊደበድብ? ለቪቴ የሚፈለገው ኢምፓክት ድራይቨር የሚባለው አጭሩ መሣሪያ ነው። ቪቴው ሲከብደው ውስጡ ያለው መዶሻ በሚዞርበት አቅጣጫ በደቂቃ በሺሕ የሚቆጠር ጊዜ ይመታል፤ የሚጠመዘዘው ቪቴው ነው እንጂ የእኔ አንጓ አይደለም። በተራ ድሪል ግን የመጨረሻዋ ግማሽ ኢንች ላይ መሣሪያው እጅን ይዞ ሊዞር ይታገላል። የቪቴው ራስ የመስቀል ቅርጽ ካለውማ ጫፉ እየተንሸራተተ ይልጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይገባ፣ አይወጣ፣ ጣውላው ላይ ተገትሮ ይቀራል። ዛሬ ብዙው የዴክ ቪቴ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ፣ ቲ25 የሚሉት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኢምፓክቱም ቢሆን መልአክ አይደለም። ጩኸቱ ያለ ጆሮ መከላከያ አይቻልም። ምላጩን በጊዜ ካልለቀቁለት የቪቴውን ራስ ለስላሳው ጥድ ውስጥ ያሰምጠውና ጉድጓዱ ውኃ ያቁራል፤ የማይዝግ ብረት ቪቴ ከሆነ ደግሞ ቀጭ አድርጎ ሊበጥሰው ይችላል። የጣውላው ጫፍ እንዳይሰነጠቅ አስቀድሞ በቀጭን ፑንታ ለመብሳትስ ተራው ድሪል ይሻላል። ይህን አንድ ሻጭ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግረኝ ምን ይጎድልበታል?

ባትሪውን ደግሞ አታንሡብኝ! ዋጋው ረከሰ ብላችሁ ስትጠጉ «መሣሪያው ብቻ» ይላል። ባትሪና ቻርጀር ለብቻቸው ነው የሚገዙት፤ ሁለቱ ተደምረው መሣሪያውን በዋጋ ሊያስከነዱት ምንም አይቀራቸው። ቤቴ ያለው የሌላ ኩባንያ ባትሪ ቮልቱ ያው 18 ሆኖ ሳለ አይገጥምም፤ ጥርሱ ሆን ተብሎ ተለያይቷል። የአውሮፓ ኅብረት የስልክ ቻርጅ መሰኪያን እንደ ፈረንጆቹ በ2024 መጨረሻ በሕግ አስገድዶ አንድ አድርጎታል። እነዚህን የመሣሪያ አምራቾችስ የሚያስገድድ ማን ይምጣላቸው?